ይከፈት ተብሏል

ጸሐፊዋ ያን ቀን ጠዋት በፈረቃው መዝገብ ላይ ያሰፈረችው አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ነው። ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። «ሊጥ ማቡኪያው ለጽዳት ቆመ። ገንዳው ተፋቀ። ማሽኑ ተከፈተ። የአንድ ሠራተኛ እጅ ተጎዳ።» የመጨረሻዋን አራት ነጥብ አድርጋ፣ ብዕሯን ከድና፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብላ አቡኪውን «የማን እጅ?» ያለችው።

አቡኪው፣ ጉንጩ ሁልጊዜ ዳቦ የጎረሰ ስለሚመስል ሁሉም ጉንጬ የሚለው ራሰ በራ ሰውዬ፣ ከታች ከማቡኪያው አዳራሽ እየሮጠ ወጥቶ የሆነውን ነግሯት በሩ ላይ ቆሞ ያለከልካል። ዱቄት በሸፈነው ፊቱ ላይ እንባው መንገድ አበጅቷል።

«የወንድምሽ ነው» አላት።

እንግዲህ ይታያችሁ! የገዛ ወንድሟን፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ፣ «አንድ ሠራተኛ» ብላ በሚያምር ጽሕፈት ጽፋ ጨርሳለች። ወንበሯን ገልብጣ ደረጃውን ስትወርድ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ሐኪሙ ወጥቶ «ሦስት ጣት ሄዷል፤ ሁለቱን አትርፈናል» ሲላት፣ በልቧ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምነው ሳልጽፍ በጠየቅኩ!

በእሷ አይፈረድም። የዳቦ ፋብሪካው ደንብ ነው። ድሮ፣ እሷ ገና ተማሪ ሳለች፣ የፈረቃውን መዝገብ በቀይ እስክሪብቶ የሚያነብ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ስሙ የተሰመረበት ሰው ቅዳሜን አያልፍም። ዳቦ ያሳረረም፣ ጆንያ የቀደደም፣ አምስት ደቂቃ ያረፈደም እኩል ይባረራል። ያን ጊዜ የፈረቃ አለቃ የነበረው አባቷ አንድ ቀን ሠራተኛውን ምድጃው አጠገብ ሰበሰበና «ከዛሬ ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ሥራ ይጻፋል እንጂ ሰው አይጻፍም» አለ። «ዱቄት ነው የሚነቅዘው፤ ዝም አይነቅዝም!» ሰዉ ሳቀ፣ ደንቡም በዚያው ጸና። ባለቀይ እስክሪብቶው የሚያሰምርበት ስም ፈልጎ ቢያጣ ዓመት ሳይሞላው ተናዶ ለቀቀ። አባትየው ካረፈ በኋላ መዝገቡም ብዕሩም ለእሷ ደረሱ፤ እነሆ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ስም አልገባበትም። በዚህ የምትኮራውን ኩራት አትጠይቁኝ።

ወንድሟ ከሆስፒታል በወጣ በማግስቱ፣ ሰኞ ዕለት፣ የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። ጉዳይ ቶሎ ተዘግቶ ወደሚቀጥለው መሄድ የሚወድ ሰው ነው፣ ይኸው ነው።

«ሐሙስ አራት ሰዓት አጣሪ ኮሚቴው ይቀመጣል» አላት። «ቃለ ጉባኤ የምትይዢው አንቺ ነሽ። እህቱ መሆንሽን አውቃለሁ፤ ሌላ ጸሐፊ ግን የለንም።»

«እሺ ጌታዬ።»

«መዝገቡን አይቼዋለሁ። ማሽኑን የከፈተው ሰው የለም።»

«እንዴት የለም? ተከፈተ ይላል እኮ!»

«ተከፈተ ይላል፤ እገሌ ከፈተው አይልም። የታለ? አሳዪኛ። ልጁም ሲጠየቅ ዝም ነው። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ አጎንብሶ ሲፍቅ በክርኑ ነክቶት ይሆናል። በራሱ ቸልተኝነት ተብሎ ይሰናበታል። ያሳዝናል፣ ምን ይደረግ።»

በራሱ ቸልተኝነት የሚል ደብዳቤ ተሸክሞ፣ በቀኝ እጁ ሁለት ጣት ብቻ ይዞ፣ የትኛው ዳቦ ቤት በር ይከፍትለታል? ልጁ ደግሞ ከዳቦ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሊጥ ውስጥ ነው ያደገው፤ ዳስሶ ብቻ ውሃ እንዳነሰው ይናገራል። ከሰመመን ሲነቃ እንኳ መጀመሪያ የጠየቀው «መቼ ነው የምመለሰው?» ብሎ ነው። ሦስት ቀን ቀርቷታል። በሦስት ቀን ውስጥ ያን ማሽን የከፈተውን ሰው ካላገኘች ወንድሟ አለቀለት።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግሯ ማረፍ እንቢ አለ። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። የድሮዎቹን መዛግብት ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠች። ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተበላሸ፣ ተጠገነ፣ ተጫነ፣ ተላከ። ጆንያ ተቀደደ። በር ተሰበረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! እሱን ብቻ ያነበበ ሰው ይህ ፋብሪካ ነፍስ ያለው ፍጡር ያልረገጠው፣ ዱቄቱ በራሱ ተቦክቶ፣ በራሱ ተጋግሮ፣ በራሱ መኪና ላይ ወጥቶ የሚሄድበት ቤት ይመስለዋል። እሷ ግን አሁን ገጹን ባየች ቁጥር ሰው ይታያታል። ተላከ ካለ የላከ አለ፣ የደረሰውም አለ። ተሰበረ ካለ የሰበረ አለ፣ የሰበረበትም ነገር አለ። ሁሉም በየመስመሩ ጀርባ ተሸሽገው እያዩዋት፣ አንዳቸውም አልናገር ያሉ መሰላት። ሲጨንቃት መዝገቡን ጧ አድርጋ ዘጋችው።

ቤት ስትገባም ያው ናት። እናቷ ከጓዳ ብቅ አለችና «ውሃው ፈልቷል፣ ታጠቢ» አለቻት።

«ማን ጣደው?»

«ምን አልሽ?»

«ማን ጣደው ነው የምልሽ።»

«እኔ ነኛ! ደግሞ ማን ሊጥደው? ዘንድሮ ውሃ ሲፈላም ምስክር ይጠራል እንዴ?»

አልጋው ላይ ጋደም ያለው ወንድሟ ሳቀ። እጁ ከተጎዳ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣች ቢሉ ማን አወጣት ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ብላ አሰበች። ሕፃን አስነጠሰ ቢሉም ያው ሕፃኑ ነው፣ አለቀ። ማሽን ተከፈተ ሲሉ ግን አንድ ጣት አለ፤ ከጣቱ ጀርባ ክንድ፣ ከክንዱ ጀርባ ቁርሱን በልቶ የመጣ ሙሉ ሰው አለ።

«ወንድምዬ፣ ማን ነው የከፈተው?»

«ተከፈተ።»

«ማን?»

«ተከፈተ አልኩሽ እኮ እታለም! ተይው በቃ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ሕፃን እንደሚታቀፍ ደረቱ ላይ ይዞታል። ጓደኛውን እየሸፈነ ነው አለች በልቧ። ተናደደችበት፣ ደግሞ አዘነችለት።

ማክሰኞ ጠዋት ማቡኪያው አዳራሽ ወረደች። ጉንጬ ባዶ ጆንያ ያጣጥፋል። ሲያያት ያጠፈውን ፈታና እንደገና ማጠፍ ጀመረ።

«ጋሽ ጉንጬ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ማሽኑ እንዴት ተከፈተ?»

«ይከፈት ተባለ፤ ተከፈተ።»

«ቁልፉን የተጫነው ማን ነው?»

ጆንያው ከእጁ ወደቀ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የተጫንኩት። ፍቆ የጨረሰ፣ የወጣ መስሎኝ ነው። ገንዳውን ዞር ብዬ ብመለከት ምን ነበረበት? እህል ከአፌ ከጠፋ ይኸው አሥራ ሁለት ቀኔ። ስደቢኝ፣ ምቺኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

እጇን አንስታ ነበር። ሰውዬው ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ሲጠብቅ ስታይ ግን እጇ በራሱ ወረደ። «ሰው ማየት አቅቶህ ነው? ምን አጣደፈህ?»

«ይከፈት ተብሏል ተባልኩ። በስልክ። ከላይ ተብሏል ከተባለ እኛ መቼ ጠይቀን እናውቃለን?»

«ማን ነው ያለው?»

ጉንጬ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት። መላጣውን ዳበስ አድርጎ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ። በዚህ ተረት ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነበር ቀድሞ የሚስቀው፤ ዛሬ አልሳቀም። «ወንድምሽን ጠይቂ። እኔ ቃል አስገብቶኛል።»

ከላይ! ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ከላይ ማለት ሥራ አስኪያጁ ነው እንጂ ሌላ ማን አለ? አሁን ገባት። ለካ የከፈተው ሰው የለም እያለ የሚያፈጥባት ራሱን ሊሸሽግ ኖሯል! አባቷ ሠራተኛውን ከአለቃ ሊሸፍን ያበጀውን ደንብ አለቃው ገብቶ ተከናንቦታል። ደሟ ፈላ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት አበላሽታ ዋለች። ወንድሟን አልጠየቀችውም፤ ቃል ያስገባ ሰው እንደማይናገር ታውቃለች።

ረቡዕ ማለዳ፣ አለቃው ሳይገባ፣ ምስክር ልታበዛ የጽዳት ሠራተኛዋን ኮሪደር ላይ ጠበቀቻቸው። እኒህ ሴትዮ ሲሮጡ እንጂ ሲራመዱ ታይተው ስለማያውቁ ስማቸው ቶሎ ቶሎ ነው፤ ባለፉ ቁጥር አንዱ ከኋላ «ቶሎ ቶሎ ቤት» ይላል፣ ሌላው «ግድግዳው ሰንበሌጥ» ብሎ ይቀበላል። ያን ቀን ገንዳው አጠገብ መፋቂያ ያቀብሉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«ስልኩ ሲጮኽ ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ጉንጬ አነሳው፣ እሺ አለ፣ ዘጋው፣ ቁልፉን ተጫነው። ከዚያ ጩኸት ነው። ልለፍ፣ ሥራ አለብኝ።»

«የደወለውን ያውቁታል?»

ሴትዮዋ ባልዲያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «ብታገኚው ምን ልታደርጊው ነው?»

«መዝገቡ ላይ በቀይ እጽፈዋለሁ! አገር ምድሩ ያንብበው። ያለ ምንም ርኅራኄ እጽፈዋለሁ!»

ቶሎ ቶሎ ቆሙ። በሥራ ቦታ ቆመው ያየቻቸው ያን ቀን ነው። «ወይ የኔ ልጅ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።» ባልዲያቸውን እዚያው ትተው ሄዱ። በሽተኛ ወንድሟን ቤት ትታ መዞሯን የነቀፏት መስሏት ቅር አላት።

ሥራ አስኪያጁ ገና ኮቱን ሳያወልቅ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በዚያ ቢሮ ውስጥ ሳታንኳኳ ገብታ አታውቅም።

«እርስዎ ነዎት! ይከፈት ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ጥፋቱን ግን በልጁ ላይ ያላክካሉ!»

ሰውዬው ኮቱን ባንድ እጁ እንዳንጠለጠለ ቀረ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ግራ ገባው። «የትኛውን ይከፈት? እኔ ያን ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። መኪና ያዘዝሽልኝ አንቺ፣ ፋይል አዘጋጅተሽ የሰጠሽኝ አንቺ! ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችውም። አሁን እሱ ሲነግራት አስታወሰችው፤ ፋይሉ ሰማያዊ ነበር።

«ታዲያ ማን ነው ያዘዘው?» አለች ድምጿ ተሰባብሮ።

«ማንም አላዘዘም! ማንም! ስንቴ ልንገርሽ?»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ተቀመጠች። ከላይ ተብሏል። ከላይ ያለው አንድ ሰው፣ እሱም አልነበረም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዳቦ የሚያከፋፍለው ሾፌር ጡሩምባ ይባላል። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መኪናውን መስኮቷ ሥር ያቆማል፤ ሁለተኛው ሊጥ ካልተቦካ ጭነቱ እንደሚዘገይበት ስለሚያውቅ ክላክሱ ላይ ተኝቶበት ጆሮዋን ይበጥሳል። እሷም ሥራ በጀመረች ሰሞን ወደ ታች ደውላ «እባካችሁ ክፈቱት፣ ሰውዬው ሊያሳብደኝ ነው» ትል ነበር። አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» ይሏታል። የመዝገብ ጸሐፊ ማንን ታዛለች? አንድ ቀን ግን ሲታክታት «ይከፈት ተብሏል» አለች። ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ ሲያጉረመርም ሰማች። ማን አለ ያለ የለም። ከዚያ ወዲህ «እባካችሁ» የሚለውን ቃል ረሳችው። ወረቀት ስትፈልግ፣ ወንበሯ እንዲጠገን፣ አምፖል እንዲቀየር፣ ሁሉንም በዚያች በአንዲት ቃል አስፈጸመች። ውሸት ነው ብላ እንኳ አስባው አታውቅም። አፏ ለምዶት ነበር።

ጡሩምባ ነፋ።

እጇ ተነሳ። አላዘዘችውም፤ ዓይኗ ገና ሰዓቱ ላይ ነው። እጇ ግን ስልኩን አንስቶ ጆሮዋ ላይ አድርጎታል፣ ጣቷ የአዳራሹን ቁጥር መትቷል፣ አፏም ለመናገር ተከፍቷል። ከታች ጉንጬ «አቤት» አለ።

«ይከ...» አለችና ቃሉን አልጨረሰችውም።

ከዚያኛው ጫፍ የጉንጬ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ጡሩምባ ደግሞ ደግሞ ይነፋል። ያን ቀንም እንዲህ ነበር፤ ልክ እንዲህ። አለቃው ስብሰባ ሄዶ፣ ፎቁ ጭር ብሎ፣ ሰውዬው መስኮቷ ሥር ሲያላግጥና ሲነፋ፣ አንድ እጇ መዝገቡን እያሰመረ፣ ሌላው ስልኩን አንስቶ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበርና ከዚያ በኋላ አንዴም ትዝ አላላትም።

«ገባሽ?» አለ ጉንጬ በመጨረሻ።

«ገባኝ» አለች። ስልኩን አስቀመጠች።

ሳታስፈቅድ ወጥታ ቤቷ ሄደች። መንገዱን እንዴት እንዳቋረጠች አታውቀውም። ወንድሟ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ የጫማውን ክር አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ፣ በግራ እጁ ለማሰር ይታገላል። ልታግዘው ጎንበስ ስትል ገፋት።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

ክሩን ከአፉ አወጣ። ፊቷን አይቶ ምን ማለቷ እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልሞከረም። «ስልኩ ሲጮኽ ጭንቅላቴ ገንዳው ውስጥ ነበር። በዚያ ሰዓት ከአንቺ ሌላ የሚደውል ማን አለ?»

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን አልሰደብከኝም? እጅህን እኮ ነው የቆረጥኩት!»

«አትጩኺ፣ እማ ትሰማለች።» ወደ ጓዳው ገልመጥ አለ። «የቆረጠው ማሽኑ ነው። ደግሞ ብነግርሽ ምን ልትሆኚ ነው? ይኸው አሁን የሆንሽውን አይደል? እጄ አንዴ ሄዷል፣ አይመለስም። አንቺም ከሥራ ብትወጪ እማን ማን ያያታል? ነገ ገብቼ ራሴ ነኝ፣ በክርኔ ነካሁት እላለሁ። ጉንጬንም ቶሎ ቶሎንም ለምኛቸዋለሁ። ተጎዳ ተብሎ ተጽፏል፤ እንደተጻፈ ይኑር።»

«ምንም ሳታጠፋ?»

«የአባታችን ደንብ ነው፤ ሰው አይጻፍም።»

«አባታችን ደንቡን ያወጣው ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ነው! የተጎዳን ሰው ለመቅበር ብሎ አይደለም!» ይህን ብላ እግሩ ሥር ቁጭ አለች። እሱም ክሩን ተወው። እናታቸው ከውስጥ «ምሳ ቀርቧል» ስትል ማን አቀረበው ያላት የለም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ኮሚቴው ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩና የማኅበሩ ተወካይ ከጠረጴዛው በአንድ ወገን፤ ወንድሟ፣ ጉንጬና ቶሎ ቶሎ በሌላው ወገን። እሷ በስተጥግ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። መዝገቡ መሐል ላይ ተዘርግቷል። ሥራ አስኪያጁ አራቱን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ አነበበና ወደ ልጁ ዞረ።

«የምትጨምረው አለ?»

ወንድሟ ተነሳ። ፋሻውን ከጀርባው ደብቋል። «አለ። ማሽኑን እኔ ራሴ...»

«ቆይ!» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አይናገርም። ተነስታ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችው። ያዘጋጀችው ቀይ እስክሪብቶ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም። በዚያው በጥቁር ብዕሯ፣ ከአራተኛው ዐረፍተ ነገር ሥር፣ የምትጽፈውን ድምጿን ከፍ አድርጋ እያነበበች ጻፈች። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ስልክ ደወልኩ። ይከፈት ተብሏል አልኩ። ማንም አላለም ነበር። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊዋ፣ እጁ የተቆረጠው ልጅ እህት።» ሥሩ ፈረመች። ጽሕፈቷ በዕድሜዋ እንዲህ ተበላሽቶ አያውቅም።

«እታለም!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ። «ምን አደረግሽ? ምን አድርጊ አልኩሽ?»

«ኧረ መዝገቡ ላይ እንዲህ አይጻፍም!» አለ ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ። «ደንብ አለ!»

የማኅበሩ ተወካይ መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገ። ያን ሁሉ ጊዜ ጫማውን ሲያይ የነበረው ጉንጬ ደግሞ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «የተጫንኩትም እኔ ነኝ» አለ። ይህን ግን ማንም ስላልጠየቀው በመዝገቡ ላይ አልገባም፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ብቻ አለ፤ እሷ ናት የያዘችው።

በራሱ ቸልተኝነት የሚለው ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀረ። ልጁ እጁ ሲድን ወደ አዳራሹ እንዲመለስ ተወሰነ። እሷን ለማባረር ተፈልጎ ነበር፤ የማኅበሩ ተወካይ አላስነካ ስላለ ብዕሯ ተወስዶ ወደ ታች፣ ወደ ጽዳት ተላከች። ወንድሟም ለሦስት ሳምንት አላነጋገራትም። አንድ ጣሪያ ሥር እየበሉ እየተኙ፣ «እማ፣ ጨው አቀብዪኝ በያት» እየተባባሉ ከረሙ። እሷን ከሁሉ የከፋት ይሄ ነበር፤ ብዕሩ እንኳ እንደዚያ አልቆጫትም።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እሱ ሥራ ተመለሰ። ምንም አላላትም። እሷ መፋቂያዋን ይዛ ገንዳው ላይ አጎንብሳለች፤ የደረቀ ሊጥ ከሥሩ አልለቅ ብሏት ክንዷ እስከ ትከሻዋ ውስጥ ገብቷል። ከውጭ ጡሩምባ ነፋ። ወዲያው ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እጇን ልታወጣ ስትል መፋቂያው ተያዘ፤ ቀና ለማለት ብትሞክር አልቻለችም። ለካ እዚያ ውስጥ ሆነው ሲሰሙት እንዲህ ነው የሚጮኸው።

ጉንጬ ስልኩን አነሳ። አዲሷ ጸሐፊ ከላይ የምትለው ቀጭን ሆኖ እሷ ድረስ ይሰማል፤ ይከፈት ተብሏል።

«ማን ነው ያለው?» አለ ጉንጬ።

እሷም ከገንዳው ጥግ አንገቷን አጣማ አየች። ወንድሟ ማሽኑ ቁልፍ ፊት ቆሟል። ሁለት ጣት የቀረውን እጁን ቁልፉ ላይ ከድኖ፣ ሰው እንዳይደርስበት ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቷል።

«እታለም፣ ጨረስሽ?» አላት።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ይጠብቁ» አለና ከቆመበት አልነቃነቅም አለ።